ፊርማው ተሟላ፤ ከዚያስ? የዋሽንግተን ዲሲ ኢኒሼቲቭና በጎ ፈቃደኛው አሰባሳቢ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛ ከቀጣሪው በሰዓት ስንት ይከፈለው የሚለው ጥያቄ ከ2018 ወዲህ ሁለት ጊዜ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕዝቡ ሁለቱንም ጊዜ አስተናጋጁም እንደማንኛውም ሠራተኛ ሙሉውን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ያግኝ ሲል ወሰነ። የከተማው ካውንስል የመጀመሪያውን ውሳኔ በአራት ወር ገደማ ሻረው። ሁለተኛውን ደግሞ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ከመንገድ ቆረጠው።

ጉዳዩ ለእኛ ማኅበረሰብ የሩቅ ወሬ አይደለም። በዩ ስትሪትና በ9ኛው ጎዳና፣ በጆርጂያ አቬኑም፣ ባለቤቱም አስተናጋጁም ሐበሻ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። አንዱ «በመጨረሻ ደመወዝ የሚባል ነገር ላይ ልቆም ነው» ሲል ሌላው «ኪራዩንና የሥጋውን ዋጋ አልቻልኩም፣ ይህ ሲጨመር እዘጋለሁ» ይላል። የሁለቱም ስሌት የእውነት ነው። እዚህ ላይ ግን በእነሱ መካከል ልፈርድ አልተነሣሁም። የማነሣው ነገሩን ለድምፅ ያበቁትን፣ ወረቀትና ብዕር ይዘው በየመንገዱ የቆሙትን ሰዎች ሥራ ነው። ያ ሥራ ብዙ ጊዜ ቁጥር እንደመሙላት ተደርጎ ይታያል። እኔ እንደማየው ግን በዲሲ ሕግ ቁጥሩ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ክፍል የፈረመው ሰው ምን እንደፈረመ አውቆ፣ በኋላ ካውንስሉ ሕጉን ሊነካ ሲል «ቆይ፣ ይህ የእኔ ነው» የሚል ሆኖ መገኘቱ ነው።

ኢኒሼቲቭ የሚባለው ነዋሪዎች ራሳቸው የሕግ ረቂቅ ጽፈው፣ በቂ ፊርማ አሰባስበው፣ የምክር ቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ በድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የሚያወጡበት መንገድ ነው። ሳውዝ ዳኮታ በ1898፣ ኦሪገን በ1902፣ ካሊፎርኒያ በ1911 በሕገ መንግሥታቸው አስገቡት። በተለይ በካሊፎርኒያ የነገሩ መነሻ የባቡር ኩባንያው ምክር ቤቱን እንደፈለገ ያዝዘዋል የሚል ምሬት ነበር። ዛሬ ሃያ አራት ያህል ግዛቶች ይህ መብት አላቸው። ዲሲ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለው። አጠገቧ ያለችው ቨርጂኒያ የላትም። ሜሪላንድ ደግሞ ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ በፊርማ ወደ ሕዝብ ድምፅ መውሰድ ትፈቅዳለች እንጂ በግዛት ደረጃ ሕዝቡ አዲስ ሕግ እንዲያመነጭ አትፈቅድም።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው አሠራሩ ትንሽ እንግዳ ነው። ሕዝበ ውሳኔ ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የ1993ቱ የኤርትራ ወይም የ2019ኙ የሲዳማ ነው። የሲዳማ ጥያቄ የቀረበው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 እንደሚያዝዘው በምክር ቤት ውሳኔ እንጂ ሰው በየቤቱ ፈርሞ አይደለም። ፊርማ በአገር ቤት ሕግ ቦታ አለው፤ ለምሳሌ በ2019 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 አገር አቀፍ ፓርቲ ለማቋቋም 10 ሺህ፣ ለክልላዊ ፓርቲ 4 ሺህ መሥራች አባላት እንዲፈርሙ ይጠይቃል። በፊርማ ብቻ አዲስ ሕግ ማስወጣት ግን አልለመድንም። ስለዚህ አንዱ መንገድ ላይ «አንዴ ይፈርሙልኝ» ሲለን ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም የፓርቲ አባል የሚመለምል ይመስለናል፤ አንዳንዱም ሳይሰማ ያልፋል፣ አንዳንዱም ለይሉኝታ ሳያነብ ይፈርማል። ለእኔ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው።

አምስት በመቶ፣ ስምንት ዋርድ

የዲሲ ሂሳብ እንዲህ ነው። ረቂቁ በመጀመሪያ ለከተማው የምርጫ ቦርድ ይቀርባል። ቦርዱ ጉዳዩ ለኢኒሼቲቭ የሚሆን ነው ወይ ብሎ ይመረምራል። በቀጥታ ከከተማው በጀት ገንዘብ የሚመድብ ረቂቅ አይፈቀድም፤ የሰብዓዊ መብት ሕጉን የሚጥስም እንዲሁ። ከዚህ ካለፈ ቦርዱ ርዕሱንና አጭር መግለጫውን ያጸድቃል፣ የፊርማው ወረቀት ይሰጣል፣ የ180 ቀን ሰዓት ይቆጥራል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ከከተማው ተመዝጋቢ መራጭ አምስት በመቶ መፈረም አለበት። ባለፉት ዓመታት ይህ ከ25 ሺህ በላይ ሰው ማለት ሆኗል። ከዚያም በላይ፣ ከተማው ከተከፈለባቸው ስምንት ዋርዶች (የምርጫ ወረዳዎች) ቢያንስ በአምስቱ ለየብቻ አምስት በመቶው መሟላት አለበት።

የዋርዱ ነገር ብዙ ዘመቻ የሚያነክስበት ነው። ዱፖንት ሰርክል ወይም አዳምስ ሞርጋን ቅዳሜ ከሰዓት የቆመ ሰው ወረቀቱ ቶሎ ይሞላለታል፤ ሰው ብዙ ነው፣ ወጣት ነው፣ ጊዜ አለው። የሚሞላው ግን አንድ ወይም ሁለት ዋርድ ነው። ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያሉትን ዋርድ 7ንና ዋርድ 8ን ወይም ሰፋፊ ግቢ ያላቸውን የሰሜን ምዕራብ ሰፈሮች ለማዳረስ በር ለበር መሄድ፣ አውቶቡስ ማቆሚያ መቆም፣ በሰፈሩ የሚታወቅ ሰው ማስከተል ይጠይቃል። በጎ ፈቃደኛ ከተቀጣሪው የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ የጎረቤቱን በር የሚያንኳኳ ሰው ቢያንስ በሩ ይከፈትለታል።

የቦታ ድርሻ ሕግ ራሱን መብቱን ሊገድል እንደሚችል ደግሞ ሚሲሲፒ አሳይታለች። እዚያ የነበረው ደንብ ከአንድ የኮንግረስ ምርጫ ወረዳ ሊመጣ የሚችለው ፊርማ ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ እንዳይበልጥ ያዝዝ ነበር። ደንቡ ሲጻፍ ግዛቷ አምስት ወረዳ ነበራት። በኋላ በሕዝብ ቆጠራ ምክንያት አራት ቀሩ። አራት አንድ አምስተኛ ሙሉ አይሆንም። በ2021 የግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕዝብ በሰፊ ድምፅ ያጸደቀውን የሕክምና ማሪዋና ኢኒሼቲቭ በዚሁ ምክንያት ሻረ፤ ከእሱ ጋር ኢኒሼቲቭ የማቅረቢያው መንገድ ራሱ ተዘጋ። ደንቡን ማስተካከል የምክር ቤቱ ሥራ ነበር፤ ምክር ቤት ደግሞ ሥልጣኑን የሚጋራበትን በር ለመክፈት አይቸኩልም።

ማን ይፈርማል፣ ማን ያስፈርማል

በዲሲ ሐበሻ መሐል የሚቆም አሰባሳቢ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህን ሕግ ይደግፋሉ?» ብሎ አይደለም። «ዲሲ ነዎት ወይስ ሜሪላንድ?» ብሎ ነው። አብዛኛው የእኛ ሰው ዲሲ ይሠራል፣ ዲሲ ይበላል፣ ዲሲ ለቅሶ ይደርሳል፤ የሚያድረው ግን ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ነው። እሱ ቢፈርም ፊርማው ዋጋ የለውም። ሃያ ዓመት በዲሲ ሬስቶራንት ትሪ ተሸክሞ የኖረ ሰው ስለ ገዛ ደመወዙ በቀረበ ጥያቄ መፈረምም ድምፅ መስጠትም ላይችል ይችላል። አሠሪውም ቤቱ ቨርጂኒያ ከሆነ እንደዚሁ። ይህን ለሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ «እኔን ካልነካ ማንን ሊነካ ነው?» ሲልህ ትክክል ነው።

ሆኖም ያው ሰው ማስፈረም ይችላል። ብዙዎች የማያውቁት ይህን ነው። አሰባሳቢ ለመሆን 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ የዲሲ ነዋሪ ያልሆነ ደግሞ ቀድሞ በምርጫ ቦርዱ ዘንድ በአሰባሳቢነት መመዝገብና ለቦርዱ ጥሪና ሥልጣን መገዛቱን መቀበል አለበት። የሲልቨር ስፕሪንጉ አስተናጋጅ የራሱን ስም መጻፍ ባይችልም የሌላውን ፊርማ ለመሰብሰብ ሕግ አይከለክለውም።

ሌላው እኛን ለይቶ የሚመለከት ችግር የስም አጻጻፍ ነው። ቦርዱ እያንዳንዱን መስመር ከመራጮች መዝገብ ጋር ያስተያያል። የእኛ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል መልኩ ብዙ ነው። ገብረ ማርያም መንጃ ፈቃድ ላይ አንድ ቃል ሆኖ፣ መዝገቡ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ይገኛል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፣ የአያት ስም ይጨመራል ወይም ይቀራል፣ አንዳንዴ የራስና የአባት ስም ቦታ ይለዋወጣል። ይህ ላይ አፓርታማ የቀየረና አድራሻውን ያላስተካከለ ሰው ሲጨመር፣ እውነተኛ መራጭ በእውነተኛ እጁ የጻፈው መስመር ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ አሰባሳቢ «ለምርጫ የተመዘገቡት በየትኛው አድራሻ ነው? ስምዎ እዚያ እንዴት ተጽፏል?» ብሎ ይጠይቃል። ስሙ በሚነበብ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፍ፤ ፊርማው ግን ሲመዘገብ የፈረመው ዓይነት ይሁን። ያኔ በአማርኛ ፈርሞ ከነበረ ዛሬም በአማርኛ ይፈርም።

ዘመቻዎች ከሚፈለገው በላይ የሚሰበስቡት ለዚህ ሁሉ ስረዛ መጠባበቂያ ነው። በ2024 ለድምፅ የቀረበው፣ የምርጫ አሠራርን የሚለውጠው ኢኒሼቲቭ 83 ወደ 27 ሺህ ፊርማ ሲበቃው አዘጋጆቹ ወደ 40 ሺህ የሚጠጋ ነው ያስረከቡት። ከየቦታው ሁሉ ጥሩው የሚባለው የምርጫ ቀን ከድምፅ መስጫ ጣቢያ ውጭ፣ ሕጉ ከሚያዝዘው ርቀት ሳይቀርቡ መቆም ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ሁሉ የከተማው ተመዝጋቢ መራጭ ነውና።

ዜግነት የሌለው ሰውስ? ዲሲ በ2022 ባወጣችው ሕግ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በከተማው የአካባቢ ምርጫ እንዲሳተፉ ፈቅዳለች፤ ከ2024 ጀምሮም ተመዝግበው መርጠዋል። ኮንግረስ ውስጥ ይህን ሕግ ለመሻር በተደጋጋሚ ተሞክሯል። እዚህ ላይ አሰባሳቢው ምላሱን መግታት አለበት። የዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ለምርጫ ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የከተማው ሕግ ቢፈቅድም፣ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ነገሩን የሚያይበት ዓይን ሌላ ሊሆን ይችላል። ግሪን ካርድ ወይም ጥገኝነት ላይ ያለን ሰው መንገድ ዳር አስቁሞ «ግድ የለም፣ ይመዝገቡና ይፈርሙ» ማለት በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። «መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃዎን ያማክሩ» ማለት አንድ ፊርማ ያሳጣል፤ ይጥፋ።

ስለ ቤተ ክርስቲያንም አንድ ነገር ልበል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው የሚበዛበት ቦታ ስለሆነ ጥያቄው ሁልጊዜ ይነሣል። ከግብር ነፃ የሆነ የሃይማኖት ተቋም ለምርጫ ዕጩ ድጋፍ መስጠት ተከልክሏል የሚለውን ሁሉም ሰምቷል። ኢኒሼቲቭ ግን በግብር ሕጉ የሚቆጠረው እንደ ዕጩ ድጋፍ ሳይሆን ሕግ ለማስወጣት እንደሚደረግ ውትወታ ነው። የተቋሙ ዋና ሥራ እስካልሆነ ድረስ በመጠኑ ይፈቀዳል። ግቢው የግል ይዞታ ስለሆነ የሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከአጥር ውጭ ያለው የእግረኛ መንገድ ግን የሕዝብ ነው።

የቶኒ ብሌር ፊርማ

አሰባሳቢው በእያንዳንዱ ወረቀት መጨረሻ ላይ ቃለ መሐላ ይፈርማል። ወረቀቱን ራሴ ይዤ ዞሬአለሁ፣ እያንዳንዱ ሰው ሲፈርም በዓይኔ አይቻለሁ ማለቱ ነው። ሥነ ሥርዓት ብቻ የሚመስለው ይህች መስመር በዲሲ ታሪክ ውስጥ ትልልቅ ሰዎችን ጥላለች።

በ2002 ከንቲባ አንቶኒ ዊልያምስ ለድጋሚ ምርጫ ሲቀርቡ የሚያስፈልጋቸው 2 ሺህ ፊርማ ነበር። የዘመቻቸው ሰዎች ከ10 ሺህ በላይ አስረከቡ። ወረቀቱ ሲገለጥ በአንድ እጅ የተጻፉ ረድፎች ተገኙ፤ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌርና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ሳይቀሩ ለከንቲባው «ፈርመዋል»። ቦርዱ ስማቸውን ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ አወጣ፣ ዘመቻውንም 277,700 ዶላር ቀጣ። ከንቲባው መራጩ ስማቸውን በእጁ እንዲጽፍላቸው ለምነው ነው የፓርቲያቸውን ቀዳሚ ምርጫ ያሸነፉት። አምስት እጥፍ ፊርማ ሰብስቦ ሁለት ሺህ ማሟላት አለመቻል ለማሰብም ይከብዳል፤ ግን ለቁጥር ብቻ የተላከ ሰው ቁጥር ይዞ ይመጣል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ነገር በኢኒሼቲቭ ደረሰ። በኒው ዮርክ አቬኑ የቁማር ማሽን ቤት ለመክፈት የፈለጉ ባለሀብቶች ጊዜ አጥሯቸው ከሌሎች ግዛቶች አሰባሳቢዎችን በገንዘብ አስመጡ። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ከ50 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበ። ቦርዱ ሲመረምር፣ ያስፈረሙት የውጭ ሰዎች ሆነው ሳለ ቃለ መሐላው ላይ የዲሲ ነዋሪዎች «እኔ ነኝ ያስፈረምኩት» ብለው የፈረሙበት ወረቀት ብዙ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ሕጉ አሰባሳቢው ነዋሪ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ፊርማ ተሰረዘ፣ ኢኒሼቲቩ ወደቀ፣ ከፍተኛው የከተማው ፍርድ ቤትም የቦርዱን ውሳኔ አጸና፤ በኋላም ከ600 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት ተጣለ። ከተሰረዙት መስመሮች ውስጥ በእውነት አምነውበት የፈረሙ ሰዎች እንደነበሩ ጥርጥር የለኝም። የእነሱ ድምፅ የጠፋው በራሳቸው ጥፋት አይደለም፤ ወረቀቱን የያዘው ሰው በዋሸው ውሸት ነው።

እንዲህ ሲባል ግን ክፍያን መከልከል መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። ኮሎራዶ ከልክላ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988፣ ሜየር ከግራንት በተባለው ክርክር፣ ፊርማ ማሰባሰብ ዋነኛው የፖለቲካ ንግግር ዓይነት ነው፣ ለመናገር ሰው መቅጠርም መብት ነው ብሎ በአንድ ድምፅ ሻረው። በ1999 ደግሞ ያችው ኮሎራዶ አሰባሳቢው ስሙን ደረቱ ላይ እንዲለጥፍና የግድ ተመዝጋቢ መራጭ እንዲሆን ያወጣችውን ግዴታ ሻረ። ኦሪገን በ2002 በፊርማ ቁጥር መክፈልን ከልክላ በሰዓት እንዲሆን አድርጋለች፤ ይህ ዓይነቱ ገደብ ማጭበርበርን ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። በአንድ ፊርማ ይህን ያህል ዶላር የሚከፈለው ሰው ከአንድ አዛውንት ጋር አሥር ደቂቃ ቆሞ ሲያስረዳ ገንዘቡ እያመለጠው ነው።

ያንን አሥር ደቂቃ ሊሰጥ የሚችለው በጎ ፈቃደኛው ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ደቂቃው ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የእንግሊዝኛ የሕግ ቋንቋ ነው። ከተማው በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ምክንያት መሥሪያ ቤቶቿ በአማርኛ ብዙ ነገር ያቀርባሉ፤ መንገድ ላይ ግን ተርጓሚው ያው አሰባሳቢው ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ እጥፍ ነው፤ ሕጉ የሚለውን እንጂ እሱ የሚመኘውን መናገር የለበትም። «የአስተናጋጅ ደመወዝ ይጨምራል» ብቻ ብሎ፣ ሬስቶራንቱ የአገልግሎት ክፍያ ቢጨምር ቲፑ ሊቀንስ ይችላል የሚለውን ሥጋት መደበቅ አይገባም።

«ስሜ የት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄም የሚሸሽ አይደለም። የፊርማ ዝርዝር ለቀበሌ፣ ለካድሬ፣ ለማናውቀው መዝገብ ሲሄድ ያየ ትውልድ ነን፤ ጥያቄው ከፍርሃት ብቻ የመጣ አይደለም። መልሱም ሙሉ በሙሉ የሚያጽናና አይደለም። የተሰበሰበው ወረቀት ሲገባ ለሕዝብ ይከፈታል፤ ለአሥር ቀን ማንኛውም ተመዝጋቢ መራጭ አይቶ መቃወም ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2010 ከዋሽንግተን ግዛት በቀረበ ጉዳይ የፈራሚዎችን ስም መግለጽ በጥቅሉ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል። አሠሪው የሕጉ ተቃዋሚ የሆነ አስተናጋጅ ይህን ማወቅ አለበት። አውቆ ከፈረመ ፊርማው ከመስመር በላይ ነው፤ ሳያውቅ ከፈረመ ነገ በአሠሪው ፊት የሚያፍርበት ነገር ነው።

ከድምፁ በኋላ

ወደ መነሻው ጉዳይ እንመለስ። ኢኒሼቲቭ 77 በሰኔ 2018 በ55 በመቶ ያህል አለፈ። በጥቅምት ካውንስሉ 8 ለ 5 ሻረው። ደጋፊዎቹ ሽረቱን ራሱን ወደ ሕዝብ ድምፅ ለመውሰድ በቀናት ውስጥ እንደገና ፊርማ አሰባሰቡ፤ ያንንም ፍርድ ቤት በአካሄድ ጉድለት አስቆመው። በ2022 ያው ሐሳብ ኢኒሼቲቭ 82 ሆኖ መጣና ከመራጩ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ደገፈው። የቲፕ ተቀባይ መነሻ ክፍያ በደረጃ ወጥቶ በሐምሌ 2024 በሰዓት 10 ዶላር ደረሰ፣ በ2027 ከሙሉው ዝቅተኛ ክፍያ ጋር እኩል ሊሆን ነበር። በ2025 የሬስቶራንት ባለቤቶች ቤቶች እየተዘጉ ነው ብለው ጮኹ፣ ከንቲባዋ ሕጉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ፣ ካውንስሉም በሐምሌ 7 ለ 5 በሆነ ድምፅ መሐለኛ መንገድ ያዘ። ክፍያው እስከ 2026 አጋማሽ 10 ዶላር ላይ ቆሞ፣ ከዚያ በዝግታ ወጥቶ፣ በ2034 የዝቅተኛውን ክፍያ 75 በመቶ ሲደርስ ይቆማል።

ይህ የሆነው ሕግ ተጥሶ አይደለም። በካሊፎርኒያ ሕዝብ ያጸደቀውን ሕግ ምክር ቤቱ ያለ ሕዝብ ፈቃድ ሊነካው አይችልም፤ ረቂቁ ራሱ ካልፈቀደ በቀር። በዲሲ ግን ኢኒሼቲቭ እንደማንኛውም የከተማ ሕግ ነው፤ በካውንስሉ ብዙኃን ድምፅ ይሻሻላል፣ ይሻራል። በ1994 ሕዝብ ያጸደቀውን የካውንስል አባላት የሥልጣን ዘመን ገደብ ካውንስሉ በ2001 ሽሮታል፤ ገደቡ በራሳቸው ላይ ነበርና ማንም አልተገረመም። ከካውንስሉ በላይ ደግሞ ኮንግረስ አለ። በ1998 በሕክምና ማሪዋና ላይ ድምፅ በተሰጠበት ጊዜ ኮንግረስ የድምፁ ውጤት እንኳ እንዳይቆጠር ገንዘብ ከለከለ። ውጤቱ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በ1999 ይፋ ሆነ፣ 69 በመቶ። ሕጉ እንዲሠራ የተፈቀደው ግን ክልከላው በ2009 ከተነሣ በኋላ ነው።

እንግዲህ የማይነካ ሕግ በሌለበት ከተማ ኢኒሼቲቭን የሚጠብቀው ምንድን ነው? እኔ የማገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ለካውንስሉ አባል ስልክ የሚደውል፣ በካውንስሉ የሕዝብ አስተያየት መስሚያ መድረክ ቀርቦ የሚመሰክር ሰው። ያ ሰው ከየት ይመጣል? የፊርማው ወረቀት ለቦርዱ ይገባል፤ ላይዋም ስልክ ቁጥር የለባትም። ብልህ በጎ ፈቃደኞች ከጎኑ ሌላ ደብተር ይይዛሉ፤ «ነገሩ ሲቀጥል እንድንነግርዎ ይፈልጋሉ?» ብለው የፈቀደውን ሰው ስምና ስልክ በዋርድ በዋርድ ይጽፋሉ። አማርኛ ተናጋሪውንም ለብቻ ምልክት ያደርጉበታል። በ180 ቀን ዘመቻ ከሚሰበሰበው ሁሉ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚጠቅመው ይህ ደብተር ነው። በ2025 ክረምት የሬስቶራንት ባለቤቶች ማኅበር አባላቱን በአንድ መልእክት መጥራት ይችል ነበር። በየጎዳናው የፈረመው ሰው ግን ድምፁን ሰጥቶ ወደ ቤቱ ገብቷል፤ ሕጉ እንደተለወጠ የሰማው ምናልባት ከቼኩ ላይ ነው።

ኢኒሼቲቭ 83ም ሌላ ፈተና ይዟል። በኅዳር 2024 ከመራጩ ሰባ በመቶ በላይ ያጸደቀው ይህ ሕግ ሁለት ነገር አለው። አንደኛው መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል እንዲመርጥ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ፓርቲ የሌለው መራጭ በፓርቲዎች ቀዳሚ ምርጫ እንዲሳተፍ ይፈቅዳል። ከከተማው ውጭ የመጣ ብዙ ገንዘብ ነበረበት፤ ተከፋይ አሰባሳቢም በጎ ፈቃደኛም ሠርተውበታል። ኢኒሼቲቭ በጀት መመደብ ስለማይችል ግን ሕጉ ካውንስሉ ገንዘብ እስኪሰጠው መጠበቅ ነበረበት። በ2025 ባጸደቀው በጀት ካውንስሉ ለመጀመሪያው ክፍል ለ2026 ምርጫ እንዲደርስ ገንዘብ ሰጠ፣ ሁለተኛውን ያለ ገንዘብ ተወው። በዲሲ ፓርቲ ሳይመርጥ የተመዘገበው መራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሲሆን፣ ከአዲስ ዜጎች ውስጥም «የማንም አይደለሁም» ብሎ የሚመዘገበው ጥቂት አይደለም። ለእነዚህ ሰዎች የተፈረመለት፣ ድምፅ የተሰጠበትና የጸደቀው መብት በወረቀት ላይ አለ፤ የቀረው የበጀት መስመር ነው፤ የበጀቱም የሕዝብ አስተያየት መስሚያ መድረክ በየፀደዩ ይከፈታል፣ መናገር የፈለገ ሁሉ ስሙን አስመዝግቦ በአማርኛ ጭምር መናገር ይችላል።